መድኃኒትን የለመደ ጀርምና የልጆቻችን ጤና

ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተዘጋጀ የንጽሕና ትምህርት

መግቢያ

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን የአበው ቃል የማያውቅ የለም። ይህ ቃል እንደ ዛሬ ያስፈለገበት ጊዜ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ልጆቻችንን ከሳምባ ምች፣ ከደም መመረዝና መግል ከቋጠረ ቁስል ሲያድኑልን የኖሩት መድኃኒቶች በአንዳንድ ጀርሞች ላይ ኀይላቸው እየደከመ መጥቷልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሕፃን የሳምባ ምች ይይዘዋል እንበል። እናቱ ወደ ጤና ኬላ ትወስደዋለች፤ የሚገባው መድኃኒት ይሰጠዋል። ሁለት ቀን ያልፋል፤ ትኩሳቱ አይበርድም፤ ትንፋሹም እንደ ተፋጠነ ነው። መድኃኒቱ ደኅና ነው፤ ባለሙያዋ አልተሳሳተችም፤ እናቲቱም በሰዓቱ ሰጥታለች። ነገር ግን በሕፃኑ ሳምባ ውስጥ ያለው ጀርም ያንን መድኃኒት አስቀድሞ የለመደ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ ወደ ሆስፒታል መሄድና በመርፌ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ማግኘት ያስፈልገዋል። ይህ መንገድ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ይጠይቃል። ለታመመ ሕፃን ጊዜ እኮ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒትን በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደ ሞቱ ተመራማሪዎች ገምተዋል። ከ5ቱ ሟቾች 1ዱ ያህል ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ጉዳት ለመከላከል የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ትልቁ ሥራ በቤት ውስጥ፣ በእጅ፣ በሳሙናና በውሃ የሚሠራ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው እንገልጣለን።

1. ጀርም ምንድን ነው?

ጀርም ማለት በዐይን የማይታይ በጣም ደቃቅ የሆነ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በውሃ፣ በአፈር፣ በእጃችን፣ በእንስሳት ገላና በዐይነ ምድር ውስጥ ይገኛል። ሁሉም ጠላት አይደለም። ወተታችንን እርጎ የሚያደርጉት ደቃቅ ፍጥረቶች ከዚሁ ወገን ናቸው። በሕፃን አንጀት ውስጥም ምግብ እንዲስማማው የሚረዱ ብዙ ደኅና ጀርሞች ይኖራሉ።

በሽታ ከሚያመጡት ጀርሞች መካከል ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለማንኛዋም እናት ይጠቅማል። አንደኛው ባክቴሪያ ይባላል። ሁለተኛው ከባክቴሪያ በእጅጉ የሚያንስ ሲሆን ቫይረስ ይባላል። ጉንፋን፣ ኩፍኝ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የሚታየውም አብዛኛው ውሃ መሰል ተቅማጥ የሚመጡት ከቫይረስ ነው። ብዙ ጊዜ ከባድ የሆነ የሳምባ ምች፣ የማጅራት ገትር፣ የአራስ ልጅ ደም መመረዝ፣ ብጉንጅና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ግን ከባክቴሪያ ይመጣሉ።

እንደ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ያሉት፣ በጠቅላላው አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች የሚገድሉት ባክቴሪያን ብቻ ነው። ቫይረስን አይነኩትም። ስለዚህ ጉንፋን ለያዘው ልጅ አንቲባዮቲክ መስጠት ጅብን ለማባረር በር ላይ ቆሞ የዝንብ ጭራ እንደ ማወዛወዝ ነው።

2. መድኃኒቱ እንዴት ተገኘ?

የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ፔኒሲሊንን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ ሐኪም ነው። ባክቴሪያ ባሳደገበት ሳህን ላይ ሻጋታ በቀለ፤ በሻጋታውም ዙሪያ የነበረው ባክቴሪያ እንደ ጠፋ አየ። ከዚያም ፍሎሪና ቼይን የተባሉ ሊቃውንት ለሕክምና እንዲውል አደረጉት። ሦስቱም በ1945 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ፍሌሚንግ ሽልማቱን በተቀበለ ጊዜ ባደረገው ንግግር የሰጠው ምሳሌ ለእያንዳንዱ ቤት የሚሆን ነው። አንድ ሰው ጕሮሮውን ያመውና በራሱ ሥልጣን ፔኒሲሊን ገዝቶ ይወስዳል። የወሰደው ጀርሙን ለመግደል የማይበቃ፣ ጀርሙን ለማለማመድ ግን የሚበቃ ነው። ቀጥሎም ያ ጀርም ከእርሱ ወደ ሚስቱ ይተላለፋል። ሚስቱ የሳምባ ምች ይይዛታል፤ በፔኒሲሊን ትታከማለች፤ ጀርሙ ግን መድኃኒቱን ለምዷልና አትድንም። ለሞቷ ተጠያቂው ማን ነው? ብሎ ፍሌሚንግ ጠየቀ።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ምሳሌ ልብ በሉት። መድኃኒቱን ያለ አግባብ የወሰደው አንዱ ነው፤ የተጎዳው ሌላው ነው። በቤታችንም ታላቁ ልጅ በዋዛ የወሰደው ኪኒን ጉዳቱ የሚደርሰው በታናሹ ላይ ሊሆን ይችላል።

3. ጀርም መድኃኒትን የሚለምደው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው «የልጄ ሰውነት መድኃኒቱን ለመደው» ሲል ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። መድኃኒቱን የሚለምደው የልጁ ሰውነት ሳይሆን በውስጡ ያለው ጀርም ነው። ከዚህም የተነሣ ከዚያ በፊት አንዲትም ቀን አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ አራስ ልጅ እንኳ መድኃኒትን የለመደ ጀርም ሊይዘው ይችላል፤ ጀርሙ ልምዱን ይዞ ከሌላ ሰው ይመጣልና።

የስንዴ ማሳ ያለው ገበሬ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ሲረጭ ቅጠለ ሰፊው አረም ይሞታል፤ ስናርና ሙጃ ግን አይሞቱም። ገበሬው ያንኑ መድኃኒት ብቻ በየዓመቱ ቢረጭ ቦታው ለስናር ይለቀቃል፤ ስናሩም ዘሩን ያራግፋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሳው ስናር ብቻ ይሆናል።

በልጅ ሆድና ጕሮሮ ውስጥም እንዲሁ ነው። ከብዙ ሺህ ጀርሞች መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች አይጠፉም። ልጁ አንቲባዮቲክ በዋጠ ቁጥር ደካሞቹና ደኅናዎቹ ይሞታሉ፤ እነዚያ ጥቂቶች ግን ቦታውን ወርሰው ይራባሉ። ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ መሆን ይችላል። ደግሞም የመቋቋሙን ጠባይ ከአንዱ ጀርም ወደ ሌላው ጀርም ያስተላልፋል፤ ደኅና የነበረው ጀርም የተማረውን ክፉውም ጀርም ይማረዋል።

በተለይ በአራስ ልጆች ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው። ክሌብሲዬላ የሚባለው ባክቴሪያ በአራስ ልጆች ላይ የደም መመረዝ ያመጣል። ለዚህ በሽታ በመጀመሪያ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ናቸው። እነዚህን ሁለቱንም የለመደ ክሌብሲዬላ በብዙ አገሮች፣ በአገራችንም ሆስፒታሎች ውስጥ ተገኝቷል።

4. መድኃኒት በቤታችን የሚበላሽባቸው መንገዶች

መድኃኒት ኀይሉን የሚያጣው በክፉ ሰው ሥራ አይደለም። ልጁን የሚወድ ወላጅ በቅን ልቡ በሚያደርገው ነው። ለምሳሌ፦

ሀ) አባት ገበያ ወጥቶ «ለሳል የሚሆን ካፕሱል ስጠኝ» ብሎ ከሱቅ ይገዛል። ልጁን ያየው፣ ሳምባውን ያዳመጠው፣ ክብደቱን የመዘነው ሰው ግን የለም።

ለ) ታላቂቱ ታማ ከታዘዘላት ሽሮፕ የተረፈው ለታናሹ ይሰጣል። በውሃ የተበጠበጠ ሽሮፕ በዕቃው ላይ ከተጻፈው ቀን ካለፈ ኀይሉን ያጣል።

ሐ) ልጁ በሁለተኛው ቀን ሲጫወት ይታይና «ተሽሎታል፣ ለሌላ ጊዜ ይሁነን» ተብሎ ቀሪው ይቀመጣል።

መ) ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስል ላይ ይነሰነሳል። ዱቄቱ ቁስሉን አያጠራውም፤ በቁስሉ ዙሪያ ያሉትን ጀርሞች ግን ያለማምዳቸዋል።

ሠ) «መርፌ ካልተወጋ አይድንም» እየተባለ ባለሙያው ይጨቀጨቃል። ለልጁ የሚበጀው ኪኒን ከሆነ ኪኒኑን፣ መድኃኒት የማያስፈልገው ከሆነም «አያስፈልገውም» የሚለውን ቃል በደስታ መቀበል ይገባል። መድኃኒት ሳይሰጥ የሚመልስ ባለሙያ ናቀኝ አይባልም።

ቴትራሳይክሊን ሲዋጥ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቢውጠው ጥርሱን ያበልዘዋል። ለዐይን የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት ግን ባለሙያ ሲያዝዘው ጉዳት የለውም።

5. ንጽሕና ከሁሉ የሚቀድም መድኃኒት ነው

መድኃኒትን የለመደ ጀርም ክንፍ የለውም፤ በእጅ፣ በውሃ፣ በምግብና በዝንብ ተሸክመነው ይሄዳል። ባለ መታጠብ የሚተላለፈው ጀርም፣ የለመደውም ያልለመደውም፣ በሳሙና ፊት እኩል ነው። ሳሙናን የለመደ ጀርም አልተገኘም። ያልታመመ ልጅ ደግሞ መድኃኒት አይወስድም፤ መድኃኒቱም ለክፉ ቀን ኀይሉን ጠብቆ ይቆያል። የንጽሕና ጥቅም እጥፍ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

እጅ፦ እጅን በሳሙና መታጠብ ከሦስት የተቅማጥ ሕመሞች አንዱን ያህል ያስቀራል። ከምግብ በፊት የመታጠብ ልማድ በአገራችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ቀኝ እጅ ብቻ በውሃ ይነካና ይበቃዋል ይባላል። ሁለቱም እጆች፣ የጣቶች መካከልና የጥፍር ሥር በሳሙና ታሽተው መታጠብ አለባቸው። ሳሙና ባይኖር ንጹሕ ዐመድ ይተካዋል። እጃችሁን የምትታጠቡባቸው ጊዜያት እነዚህ ናቸው፦

ከሽንት ቤት ስትመለሱ፤
ሕፃኑን ካጸዳችሁ በኋላ፤
እበት ዝቃችሁ ወይም ቤት ለቅልቃችሁ ስትጨርሱ፤
ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት፤
ሕፃኑን ከማጥባታችሁና ከማጉረሳችሁ በፊት።

ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ነገር ግን ባልታጠበ እጅ የሚሰጥ ጉርሻ ጀርሙንም አብሮ ያጎርሳል። ምግብ አኝኮ ለሕፃን መስጠትም እንዲሁ ነው። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ትንሽ ጀሪካን ቀዳዳ አበጅታችሁ ብትሰቅሉና ሳሙና በገመድ ብታንጠለጥሉ ልጆቹ ሳይነገራቸው መታጠብ ይለምዳሉ።

ውሃ፦ ለመጠጥ የሚሆነውን ውሃ አፍልታችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ወይም ባለሙያ በሚነግራችሁ ልክ በውሃ ማከሚያ አክሙት። እንስራው ውስጥ እጅ የገባበት ኩባያ አይነከር። እጀታው ረዘም ያለ መቅጃ ለብቻው ይኑር።

ምግብና ወተት፦ ወተት ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥ። ላም ታማ መድኃኒት ከተወጋች የእንስሳት ሐኪሙ የከለከለው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ወተቷ አይጠጣ፤ መድኃኒቱ በወተቱ ውስጥ ይገኛልና። ለከብት የተገዛ መድኃኒት ለሰው፣ ለሰው የተገዛውም ለከብትና ለዶሮ አይሰጥ። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ጡት የማይጠባ ሕፃን በኩባያና በማንኪያ ቢመገብ ይሻላል።

ሽንት ቤት፦ የሕፃን ዐይነ ምድር ጉዳት የለውም የሚባለው ትክክል አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጀርም አለበት። ወደ ሽንት ቤት መጣል ይገባል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ዝንብ እንዳይገባበት ይከደን። ዶሮና በግ ሕፃን ከሚተኛበትና ከሚድኽበት ቦታ ይለዩ።

እትብት፦ አራስ ልጅ እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ የጀርም መግቢያ በር ክፍት ነው። ቅቤ፣ እበት፣ ዐመድ ወይም ቅጠል አይደረግበት። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ። ባለሙያ የሰጠችው የእትብት ቅባት ካለ እርሱ ብቻ እንደ ታዘዘው ይቀባ። በጤና ተቋም መውለድ ምላጩም፣ የሚታሰርበት ክርም፣ የአዋላጇም እጅ ንጹሕ እንዲሆን ይረዳል።

ቁስል፦ ልጅ ሲጫር ወይም ሲቆረጥ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በታጠበ ጨርቅ ሸፍኑት። ብጉንጅ አይፈረጥ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት በምላጭና በወስፌ ጀርምን ወደ ደም ማስገባት ስለ ሆነ ፈጽሞ መተው ያለበት ነገር ነው።

6. የእናት ጡትና ክትባት

ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ሆነ አብሽ፣ ጤና አዳምም ሆነ ቅቤ አያስፈልገውም። በጡት ወተት ውስጥ ጀርምን የሚከላከል ነገር አለ። በተለይ ከወሊድ በኋላ የሚወጣው ቢጫው እንገር መጣል የለበትም፤ ለሕፃኑ የመጀመሪያው መከላከያ እርሱ ነው።

ክትባትም ከዚህ ትምህርት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የሳምባ ምችንና ማጅራት ገትርን የሚያመጣውን ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሮታ በሚባል ቫይረስ የሚመጣውን ተቅማጥ የሚከላከለው ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ተጀመረ። ሁለቱም ከተወለደ በ6ኛው ሳምንት ይጀመራሉ። የተከተበ ልጅ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ሕመሙ ሲቀንስ አንቲባዮቲክ መዋጡ ይቀንሳል፤ ጀርሙም የሚለማመድበት ዕድል ያጣል። ስለዚህ የቀጠሮ ካርዱን ጠብቁ፤ ቀን አታሳልፉ።

7. ልጅ ሲታመም ምን እናድርግ?

ጉንፋንና ሳል ሲይዘው። ትንፋሹ ደኅና ከሆነ፣ ከጠባና ከተጫወተ፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ጡት አዘውትራችሁ አጥቡት፤ ለብ ያለ ነገር አጠጡት። ዕድሜው ከ1 ዓመት ላለፈ ልጅ ማር በሻይ ጕሮሮውን ያለሰልስለታል፤ ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ግን ማር አይሰጥም። የምድጃ ጭስ ሳምባን ስለሚያደክም ሕፃን በጀርባ ታዝሎ ጭስ ካለበት ጎጆ አይዋል።

ትንፋሽን መቁጠር። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ የሆዱንና የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት በሰዓት ወይም በእጅ ስልክ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ሆኖ 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ሆኖ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ሆኖ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ተፋጥኗል። ይህ የሳምባ ምች ምልክት ነውና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒቱ በእውነት የሚያስፈልገው ይህ ልጅ ነው።

ተቅማጥ ሲይዘው። ውሃ መሰል ተቅማጥ የሚገድለው የሰውነትን ውሃ በማድረቅ ነው። የሚያድነውም አንቲባዮቲክ ሳይሆን ብዙዎች ለምለም የሚሉት የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ነው። አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት። ለመለካት ባለ 1 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ወይም ሃይላንድ ይበቃል። ተቅማጥ ባስቀመጠው ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ለሆነው አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ሁለት ሲኒ ያህል በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋ። ከዚህ ጋር የዚንክ ኪኒን ባለሙያዋ እንዳዘዘችው ለ10 ቀን ይሰጠዋል። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን ጨርሱ። ጡትና ምግብ አታቋርጡ። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቶሎ ውሰዱት።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች። ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ቀን ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፦

መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፤
የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰው፤
ካንቀጠቀጠው ወይም ከጣለው፤
ከደነዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፤
ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፤
አራስ ከሆነ ደግሞ ጡት ከተወ፣ ገላው ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ።

በዚህ ጊዜ «እስቲ ያለችውን ኪኒን እንሞክርለት» ማለት ልጁን ማጣት ሊሆን ይችላል። አባት፣ አያትና ጎረቤት ሁሉ እናቲቱን በመጓጓዣም በገንዘብም መርዳት አለባቸው።

8. አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ

ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። አንቲባዮቲክን ፍሩት አላልንም። የሳምባ ምች ለያዘው ልጅ አንቲባዮቲክ መከልከል ያለ አግባብ ከመስጠት የባሰ ነው። ያልነው በቦታው ይሁን ነው። ሲታዘዝላችሁ እንግዲህ ይህን ጠብቁ።

1ኛ/ ስንት ጊዜ፣ ስንት ፍሬ ወይም ስንት ማንኪያ፣ ስንት ቀን እንደሚሰጥ ጠይቁ። ከጤና ኬላው ሳትወጡም በቃላችሁ ደግማችሁ ንገሯት። ለሳምባ ምች በውሃ የሚሟሟው የአሞክሲሲሊን ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል።

2ኛ/ የመጀመሪያውን እዚያው ባለሙያዋ ፊት ስጡት።

3ኛ/ ቀኑን አትቀንሱ፤ በራሳችሁም አትጨምሩ። ማንበብ የማትችል እናት በግድግዳ ላይ በከሰል መስመር እያሰመረች ብትቆጥር አትሳሳትም።

4ኛ/ የሚበጠበጥ ሽሮፕ ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ድረስ በጥብጡት፤ ከመስጠታችሁ በፊት ነቅንቁት፤ ፀሐይ የማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት።

5ኛ/ በ2 ቀን ውስጥ ካልተሻለው መልሳችሁ ውሰዱት። ምናልባት ጀርሙ መድኃኒቱን የለመደ ይሆናል። ከባሰበት ግን 2 ቀን አትጠብቁ።

6ኛ/ የተረፈ ካለ ለጎረቤት አትስጡ፤ ለከርሞም አታስቀምጡ። ወደ ጤና ተቋሙ መልሱት።

ማጠቃለያ

የመንደር ምንጭ የጋራ ነው። አንዱ ቢያደፈርሰው ሁሉ ይጠማል። አንቲባዮቲክም እንዲሁ የጋራ ሀብት ነው፤ በአንድ ቤት ያለ አግባብ ሲባክን ከጎረቤት ለሚታመመው ሕፃን ኀይሉ ይጎድልበታል። በአንድ ቤት እጅ በሳሙና ሲታጠብ፣ ውሃ ሲፈላ፣ እትብት ሲጠበቅ፣ ልጅ ሲከተብና መድኃኒት በትእዛዝ ብቻ ሲሰጥ ግን ጥቅሙ ለመንደሩ ሁሉ ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በቤታችሁ ያለውን የተረፈ ኪኒንና ካፕሱል ሰብስባችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስረክቡ፤ በቦታውም ሳሙና አኑሩበት።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. መድኃኒትን የሚለምደው የልጁ ሰውነት ነው ወይስ ጀርሙ? ለምን?
2. ጉንፋን ለያዘው ልጅ አንቲባዮቲክ የማይጠቅመው ስለ ምንድን ነው?
3. የ8 ወር ሕፃን በአንድ ደቂቃ 54 ጊዜ ቢተነፍስ ምን ታደርጋላችሁ?
4. በቤታችሁ እጅ በሳሙና የሚታጠበው መቼ መቼ ነው? ያልተለመደውስ የትኛው ነው?
5. ሽሮፑ ሳያልቅ ልጁ ቢሻለው የተረፈውን ምን ማድረግ ይገባል?

እነዚህን ጥያቄዎች ቡና በምትጠጡበት ጊዜ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው። ማንበብ ለማይችሉትም አንብቡላቸው።